ገበጣው መቼ ተቋረጠ?

በሰቆጣና በአበርገሌ አዛውንት ዘንድ የዛሬ ልጅ አንድ ክስ አለበት። መጫወት አያውቅም ይሉታል፤ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ይውላል፣ ተደፍቶ ያመሻል፣ እንግዳ ሲገባ እንኳ ቀና አይልም። ሁለቱ ያሉበትን የዋግን የጨዋታ ታሪክ ከመነሻው ለተከተለ ሰው ግን ስልክ እዚህ አገር የደረሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ሰንጠረዡንም፣ ገበጣውንም፣ የማታ እንቆቅልሹንም የበላቸው ሌላ ነው። ማን እንደበላቸው ለማወቅ ዘመኑን ወደ ኋላ ሄዶ በተራ መውረድ ይጠይቃል።

ከላይ፣ ከግቢው እንጀምር። በትውፊት እንደሚነገረው ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም ዙፋኑን ከዛጉዌ ሲረከብ የዛጉዌ ዘሮች ዋግን ይዘው እንዲቀሩ ሆነ፤ ገዢያቸው ዋግሹም ተባለ። ዋግሹም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥና ነጋሪት የማስጎሰም ማዕረግ ነበረው ይባላል። የዚህ ዓይነት ግቢ የዕረፍት ጊዜውም የማዕረግ ነበር፤ በጥምቀት ጉግስ፣ በገና የገና ጨዋታ፣ በአዘቦት ደግሞ ሰንጠረዥ።

ሰንጠረዥ በሰሜኑ መኳንንት ዘንድ ምን ያህል እንደተወደደ የምናውቀው በከፊል ከመንገደኞች ጽሑፍ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በእንደርታው ገዢ በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ራስ ለዚህ ጨዋታ የነበራቸውን ፍቅር ጽፏል። እንደርታ ከአበርገሌ ሩቅ አይደለም። ከእሱ በኋላ የመጣው ቆንስል ፕላውደንም የአጨዋወቱን ሕግ ዘርዝሮ ትቷል። የእኛ ሰንጠረዥ ከፈረንጁ ቼዝ የሚለየው ገና ከአጀማመሩ ነው። ተጫዋቾቹ ተራ አይጠብቁም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ የቻሉትን ያህል ፈጥነው ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። ተራ መጠበቅ የሚመጣው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ዙሪያውን የከበበው አሽከርና ባለሟልም ዝም ብሎ አያይም፤ ይመክራል፣ ያሾፋል፣ ይጮኻል። ቼዝ የዝምታ ጨዋታ ነው የሚለው ሰው ይህን ግቢ አላየም።

ዋግ በ1860 ዓ.ም የራሱን ሰው በዙፋን አየ። ዋግሹም ጎበዜ ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በ1863 ዓ.ም ክረምት ዓድዋ አጠገብ አሳም ላይ በደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ ዓፄ ዮሐንስ በተባሉት፣ ተሸነፉ። ሰንጠረዡ በመኳንንቱ መካከል ከዚያም በኋላ ኖረ፤ እቴጌ ጣይቱም ጥሩ ተጫዋች ነበሩ ይባላል። ግን የግቢ ጨዋታ ነበርና ዕድሜው የግቢውን ያህል ሆነ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ እንደ ድሮው አልተነሣም።

ሕዝቡ ዘንድ ስንወርድ ነገሩ ይሰፋል። እረኛና ገበሬ መቼ ያርፍ ነበር? የዛሬ ሰው የድሮውን ገበሬ ከጎሕ እስከ ማታ ሞፈር ጨብጦ እንደኖረ አድርጎ ያስባል። እንደዚያ አልነበረም። ከሰንበት ሌላ ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23፣ መድኃኔዓለም በ27 ይከበራል፤ እያንዳንዱ ደብር በዚህ ላይ የየራሱን ታቦት ይጨምራል። በእነዚህ ቀናት ማረስ፣ ማጨድ፣ መፍጨት ነውር ነው፤ ጎረቤት ያያል፣ በረዶ ቢወርድ የሚወቀሰው ያረሰው ነው። መጫወት ግን ማንም አልከለከለም። ስለዚህ የዋግ አባቶች የዕረፍት ጊዜ የሚታወቀው በወር ቆጠራ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ጽዋ ማኅበር አለ፣ ጠላ አለ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ዳኝነትና ወሬ አለ፣ ከዚያም አቧራው ላይ ገበጣ አለ።

ገበጣ ዕቃ አይፈልግም። በሁለት ወይም በሦስት ረድፍ ጉድጓድ ይቆፈራል ወይም ድንጋይ ላይ ይፈለፈላል፤ በየጉድጓዱ ጠጠር ይገባል፤ ጠጠሩ እየተዘራ ይዞራል፤ የመጨረሻዋ ጠጠር የወደቀችበት ቦታ መብላትና መበላትን ይወስናል። ስንት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ ስንት ጠጠር፣ መቼ ይበላል የሚለው እንደየአገሩ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1963 ዓ.ም ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነት መዝግቧል። እረኛ ከእረኛ ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጣላው በሕጉ ነው ማለት ይቻላል።

አበርገሌ ደግሞ የእረኛ አገር ነው። ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወርዱ ሙቀቱ ይበረታል፣ እርሻው ይሳሳል፣ ፍየሉ ይበዛል። የአበርገሌ ፍየል በእንስሳት ባለሙያዎች ዘንድ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ የሚታወቅ ነው። ስሙን የያዘው አገርም ከአንድ በላይ ነው፤ ዛሬ አንዱ በዋግ ኽምራ፣ ሌላው ጣንቋ አበርገሌ በትግራይ ይገኛል። ፍየል ግን ወሰን አይጠይቅም፤ እረኞቹ በኽምጣኛም፣ በአማርኛም፣ በትግርኛም ይግባባሉ፣ ጨዋታውም በሦስቱ ይሄድ ነበር። ቀኑ ረጅም ነው። ፍየሉ ቁጥቋጦ ላይ ሲያርፍ ልጁ ዋሽንት ይነፋል፣ ወንጭፍ ይወነጭፋል፣ ትግል ይገጥማል፣ ገበጣ ይቆፍራል። አስተማሪው አባቱ ሳይሆን በሁለትና በሦስት ዓመት የሚበልጠው እረኛ ነው። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የሴቶቹ ዕረፍት ግን እጅ ያላረፈበት ዕረፍት ነበር። ቡና ተፈልቶ ሲጠጣ እንኳ እንዝርት ይሾራል፣ አክርማ ይሰፋል። መሶብና ሌማት በጨዋታ መሐል ያለቁ ናቸው። የድሮውን ዘመን የሚያሞግሱ ወንዶች ይህን ሲረሱ ይገርመኛል፤ ልጃገረዶቹ ቅልብልቦሽ ሲጫወቱ የሚጠሩት ውኃ ለመቅዳት ነበር።

ለነሱ የተለቀቀ አንድ ሰሞን ነበራቸው። ቡሄ ነሐሴ 13 ወንዶቹ ጅራፍ ሲያጮሁ ካለፈ በኋላ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ፣ ሻደይ ይገባል። ልጃገረዶች ስሙን ለበዓሉ የሰጠውን ለምለም ቅጠል ቆርጠው ወገባቸው ላይ ያስራሉ፤ ሹሩባ ይሠራሉ፣ ይኳላሉ፣ ከበሮ ይዘው መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ወደየቤቱ ይሄዳሉ። እየዘፈኑ ያሞግሳሉ፤ ንፉጉንም አይምሩትም። የተሰጣቸውን ይከፋፈላሉ። ወንዱ ዳር ቆሞ ያያል፣ ይመርጣል፣ ይመረጣልም። በላስታ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ፣ በቆቦ ሶለል የሚባለው የዚሁ እህት ነው።

ማታው የአያቶች ነበር። እሳት ዳር ተረት ይነገራል፣ እንቆቅልሽ ይጠየቃል። ያልመለሰ ልጅ አገር ይሰጣል፤ ሰቆጣን ሲሰጥ እምቢ ቢባል ኮረምን፣ ጎንደርን፣ መቀሌን ይጨምራል፤ ጠያቂው አገሩን ተቀብሎ ፎክሮና ተሳድቦ መልሱን ይነግረዋል። ለብዙ የዋግ ልጅ የመጀመሪያው የጂኦግራፊ ትምህርት ይህ ነበር።

የመጀመሪያው ከባድ ምት ከውጭ መጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ ከቆሰለ በኋላ የጣሊያን አስተዳደር አዝማሪዎችን፣ ጠንቋዮችንና ባሕታውያንን እያሳደደ ረሸነ፤ ወሬና ግጥም ይዘው ከገበያ ገበያ የሚዞሩ ሰዎች አደገኛ ናቸው ብሎ ነበር። ለአገዛዙ ይህ ስሌት ትክክል ነበር ማለት ይቻላል፤ አዝማሪ መዝናኛም ጋዜጣም ነበርና። በዋግ በዚያው ዓመት ክረምት መጨረሻ አመጽ ተነሣ። ማይጨው ላይ የተዋጉት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ መርተውት በመስከረም 1930 ዓ.ም ተገደሉ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ለማስፈራሪያ ለሕዝብ ታየ። ከነጻነት በኋላ ያደገው ትውልድ ፉከራና ቀረርቶውን የወረሰው ከዚህ ዘመን ነው። በየሠርጉ የሽማግሌ መዝናኛ ሆኖ የቀረው ቀረርቶ ለአባቶቹ መዝናኛ አልነበረም።

ቀጥሎ ሬዲዮ መጣ። ብሥራተ ወንጌል ጣቢያ በ1955 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ስርጭት ሲጀምርና ትራንዚስተር ሬዲዮ በገበያ ሲገኝ፣ በሰቆጣ ያለ ነጋዴና አስተማሪ የዓለም ወሬ በቤቱ ያዳምጥ ጀመር። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም አዲስ አበባ ቢጀመርም ለዋግ ገና ሌላ ዓለም ነበር። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ኳስ አመጣ። ጨርቅ ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረ ኳስ የገናን ዱላ ቀስ በቀስ ተካው። በ1954 ዓ.ም ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሳ ወሬው ደጋ ድረስ ወጥቷል፤ አዛውንቱ ያኔም ይህ የመራገጥ ጨዋታ ምንድነው ብለው እንደነበር መገመት አይከብድም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ለውጥ የትም አገር ያለ ለውጥ ነው። አዲስ ይመጣል፣ አሮጌው ጥግ ይይዛል፣ ግን ይኖራል። ዋግን የለየው ረኃቡ ነው።

በ1958 ዓ.ም ዋግና ላስታ ተራቡ። መንግሥት ዘግይቶ ሰማ፣ ሰምቶም ዘገየ። በ1965 እና በ1966 ወሎ ዳግም ተመታ፤ ይህኛው ረኃብ ዘውድ እስከ መጣል ደረሰ። ከዚያ 1977 መጣ። ኮረም ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ በዓለም ቴሌቪዥኖች የታየው ያኔ ነው፤ ከዋግም ብዙው ወደዚያ ወርዶ ነበር። ስለዚያ ዘመን ስንጽፍ ሙታንን እንቆጥራለን፤ የተቋረጠውን ልማድ ግን ማንም አልቆጠረውም። ፍየሉ ሲያልቅ እረኝነቱ አለቀ፤ እረኝነቱ ሲያልቅ ትልቁ እረኛ ትንሹን የሚያስተምርበት ረጅም ቀን ጠፋ። አያቶች ቀድመው ሞቱ። እራት በሌለበት ቤት እሳት ዳር ተቀምጦ እንቆቅልህ የሚል የለም። የሠፈራ ፕሮግራሙም ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600 ሺህ ገደማ ሰው ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ጋምቤላ ሲያጓጉዝ አያትን ከልጅ ልጅ የለየበት ጊዜ ብዙ ነው። በእኔ ግምት የዋግ ገበጣ የተቋረጠው በዚህ ዘመን ነው፤ ቴሌ ለአካባቢው ኔትወርክ ከማምጣቱ ብዙ ዓመት በፊት።

በዚያው ዘመን አዲስ መዝናኛ በትእዛዝ መጣ። ደርግ በየቀበሌው የኪነት ቡድን አቋቋመ፤ በ1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ይዞ ገጠር ገባ። በሌላ በኩል ተራራው የአማጽያን ነበር። ከእነሱ አንዱ የሆነው ኢሕዴን የተመሠረተው ኅዳር 11 ቀን 1973 ዓ.ም እዚሁ ዋግ ውስጥ፣ ተከራርዋ በምትባል ቦታ ነው። ቀበሌው ወጣቱን በከበሮ ይጠራል፣ ጫካውም በከበሮ ይጠራል። የዚያ ዘመን ወጣት፣ ዛሬ ስልክን የሚወቅሰው አዛውንት መሆኑ ነው፣ የተዝናናው ሰልፍ ላይና መድረክ ላይ ነበር። የሰልፍ ዘፈኑን ዛሬም ያስታውሳል፤ የአያቱን እንቆቅልሽ ግን ሲጠየቅ ይቸገራል።

ደርግ ከወደቀበት ከ1983 በኋላ ሰላሙ ቴፕ ሪከርደርንና ካሴትን አወረደ። አዝማሪውን ቤት መጥራት ቀርቶ ድምፁን መግዛት ተቻለ። በሰቆጣም እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ከተማ ቪዲዮ ቤት፣ ጆተኒ፣ ከረንቡላ፣ በኋላም ፑል እየተከታተሉ ገቡ። ዳማም ከከተማ መጥቶ በካርቶን ላይ በቆርኪ ይጫወቱት ጀመር፤ አዛውንቱ ከወጣቱ ጋር አንድ ሰሌዳ ላይ የሚገናኙበት ጨዋታ ይህ ብቻ ሆኖ ቀርቷል ብል አላጋነንኩም። ከዚያ ዲኤስቲቪ መጣ። ጥር 2005 ዓ.ም ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ በአፍሪካ ዋንጫ ሲጫወቱ ከተሜው ሁሉ አንድ ስክሪን ፊት ነበር። በአዘቦቱ ግን ወጣቱን የሚሰበስበው የእንግሊዝ ሊግ ነው፤ የአባቶቹን የዕረፍት ቀን ታቦት ሲወስነው የሱን የለንደንና የማንችስተር መርሐ ግብር ወሰነው። ውርርዱም ተከተለ። አባቶች በገበጣ ቢሸነፉ የሚያጡት ክብር ነበር፤ በኳስ ውርርድ የሚጠፋው የቀን ሥራ ደመወዝ ነው። በዚህ በኩል የአዛውንቱ ቁጣ ልክ ነው።

አበርገሌ ላይ ደግሞ ማንም ያላሰበው ነገር ሆነ። የተከዜ ግድብ በ2001 ዓ.ም ገደማ ተጠናቀቀ፤ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ሸለቆውን ሐይቅ አደረገው። አያቶቻቸው ፍየል ያገዱበት ገደል ግርጌ ወጣቶች ጀልባ ያዙ፣ መረብ ጣሉ፤ በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሳህላ በኩል በማኅበር ተደራጅተው ቆሮሶና አምባዛ ያወጣሉ። ሥራ ነው፤ ግን ወጣት በውኃ ዳር ሥራውን ብቻ ሠርቶ አይመለስም። ይዋኛል፣ ይወዳደራል፣ ዓሣውን እዚያው ይጠብሳል። ለአበርገሌ ሽማግሌ ይህ ጨዋታ ከስልክም ይልቅ እንግዳ ነው፤ እሱ ተከዜን የሚያውቀው ልጅ የሚበላ ወንዝ ሆኖ ነበርና።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ጥቅምት 2013 የጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት ዋግ ደረሰ፤ ሰቆጣ ለወራት ከመብራትም ከስልክም ተለየች። የዚያ ዓመት ነሐሴ 16 እንደ ወትሮው አልዋለም። ሰቆጣ ከተለቀቀች በኋላም የአበርገሌና የጻግብጂ ሕዝብ ወደ ቤቱ መመለስ ሳይችል ቆይቶ፣ ብዙው ሰቆጣ አቅራቢያ ወለህ በሚባለው መጠለያ ከረመ። በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት እስኪፈረምና ከዚያም በኋላ መጠለያው ውስጥ ያደጉ ልጆች አሉ። ድንኳን ከድንኳን ተጠግቶ ሲኖር አያትና ልጅ እንደገና ተገናኙ ብሎ የሚያስብ ይኖራል። ግን መጠለያ ውስጥ የሚጠበቀው ስንዴ ነው፤ ሽማግሌው ወረፋ ላይ ነው፣ ልጁ እንጨት ለቀማ ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ ምን ተረፈ? ሻደይ ተረፈ። ከረኃብ በኋላ ተመለሰ፣ ከጦርነት በኋላም ተመለሰ፤ ዛሬ በሰቆጣ ስታዲየም በሺዎች ይከበራል፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባም መድረክ አለው። ለምን እሱ ተረፈና ገበጣው ሞተ? ሁለቱም ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚተላለፉ ናቸው፤ የሻደይን ዜማ ለአሥር ዓመቷ ልጅ የምታስተምራት የአሥራ አራት ዓመቷ ናት። ልዩነቱ ቀኑ ላይ ነው። ሻደይ በቀን መቁጠሪያ ላይ ቦታ አለው፤ ሁለት ዓመት ቢዘለል እንኳ ሦስተኛው ዓመት ነሐሴ 16 ይመጣል፣ ዜማውን ያልረሳች አንዲት ልጃገረድ ትበቃለች። ገበጣ የራሱ ቀን የለውም፤ መንጋና ረጅም ከሰዓት ይፈልጋል። እንቆቅልሽም የራሱ ቀን የለውም፤ አያትና እራት ይፈልጋል። መንጋው፣ አያቷና እራቱ በአንድ ዘመን ሲጠፉ አብረው ጠፉ።

ስለዚህ ዛሬ ቲክቶክ ላይ የሚጨፍረውን ወጣት ስናይ ምን እንዳየን እንወቅ። የሹሩባውን አሠራር፣ የእስክስታውን ስልት፣ የከበሮውን ምት አረብ አገር ላለችው እህቱ የሚልከው በዚያች ስልክ ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ወጣቱ ወደ ገበጣ አልተመለሰም፤ የሚመለስበት ገበጣ አልነበረምና። ኔትወርክ መጥፋቱ የድሮውን ጨዋታ ያመጣል ለሚሉ ከዚህ የተሻለ ፈተና አይገኝም።

ሥራው የሚጀምረው ከአዛውንቱ ነው። እንቆቅልሹን፣ ተረቱንና የገበጣውን ሕግ በኽምጣኛ የሚያውቁት በ1950ዎቹ ልጅ የነበሩት ናቸው፤ እነሱም እያለፉ ነው። ኽምጣኛ ዛሬ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሰጣል፣ በክልሉ ሬዲዮም ይሰማል፤ መምህር አለ፣ ተማሪ አለ፣ መቅጃ ሁሉም ኪሱ ውስጥ አለ። የሰቆጣና የአበርገሌ መምህራን ሆይ፣ ከዚህ ክረምት ጀምሮ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ የቤት ሥራ ስጡት፦ ከአንድ አዛውንት አንድ ጨዋታ ይቅዳ፣ ሕጉን ይጻፍ፣ መስከረም ላይ ለክፍሉ ያስተምር።